ሽንትን ለከባድ ብረቶች ማስመርመር፦ ከናሙናው በፊት የሚወሰኑ ነገሮች

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ከተማ አንዲት የ47 ዓመት ሴት ክንዶቿ እየደነዘዙና እየዛሉ ስላስቸገሯት ሐኪም ቤት ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንደበቷ ተሳሰረ፣ ዓይኗ ብዥ አለ፣ እርምጃዋ ተወላገደ፤ ውሎ አድሮም ራሷን ሳተች። ደሟ ሲመረመር በሊትር 2,620 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘበት። ልኩ ከ5 በታች ነው። ሽንቷ ደግሞ 110 አሳየ፤ የሽንቱ ልክ ከ20 በታች ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ያሉ ናቸው። ትልቁ ፍንጭ የነበረው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ነው። ሴትየዋ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ትቀባ ነበር፤ በእንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ በተለምዶ የሚገኘው የሜርኩሪ ዓይነት በኩላሊት በኩል አልፎ በሽንት ይወጣል። የዚህች ሴት ሜርኩሪ ደም ውስጥ ተከማችቶ ወደ ሽንት እምብዛም አልወጣም። ክሬሙ ሲመረመር 1.2 በመቶው ሜርኩሪ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ነርቭን የሚያጠቃው ሜቲል ሜርኩሪ። ሽንቷ ብቻ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ መመረዟ ቢታወቅም፣ የመርዙ ዓይነትም ሆነ የጉዳቱ ልክ አይገመትም ነበር።

የሽንት ምርመራ ጠቃሚ፣ የማያምና በአንጻሩ ቀላል ምርመራ ነው። ውጤቱ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ነው፦ የማይሆን ናሙና በመስጠት፣ በማይሆን ቀን፣ በማይሆን ዕቃ። ለማስመርመር ያሰበ ሰው ቀጥሎ ያለውን ቅደም ተከተል ቢከተል ገንዘቡንም ድካሙንም ያተርፋል።

አንደኛ፦ የሚፈለገውን ብረት በስሙ ይጥሩ

«ያሉትን ሁሉ መርምሩልኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ከሁሉ የከፋው አጠያየቅም ይኸው ነው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ይልቅ እነዚህን ጽፈው ይያዙ፦ ምን ሥራ እንደሚሠሩ፣ የሚጠጡት ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ምን ክሬምና ምን ኩል እንደሚጠቀሙ፣ የሚወስዱትን የባህል መድኃኒትና ቫይታሚን፣ ሲጋራ ማጨስ አለማጨስዎን። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ተጠርጣሪ ይወጣል። እያንዳንዱ ብረት በሰውነት ውስጥ የራሱ መንገድ አለው፤ በሽንት በደንብ የሚታየውም ጥቂቱ ብቻ ነው።

የሚጠረጠረው እርሳስ ከሆነ ሽንቱን ይተዉትና ደም ይስጡ። ደም ውስጥ ካለው እርሳስ 99 በመቶ ያህሉ ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ሽንት ላይ የሚታየው ትንሽና ተለዋዋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያዋ ዛምፋራ ግዛት እርሳስ ያለበት የወርቅ ድንጋይ በየግቢው ሲፈጭ ከ400 በላይ ሕፃናት የሞቱበት አደጋ ሲጣራ፣ መመረዙ የተረጋገጠው በደም ምርመራ ነበር። አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚፈታ ሠራተኛ፣ እርሳስ አዘል ኩል የምትኳል ሴት፣ ቀለሙ የተላላጠ ግድግዳ የሚልስ ሕፃን፣ ሁሉም የሚያስፈልጋቸው የደም ምርመራ ነው።

ሜርኩሪ፣ አባቶች ባዜቃ የሚሉት፣ ነገሩ ይለያያል። ወርቅን በባዜቃ አጣብቆ በእሳት የሚያነጥር ባህላዊ ወርቅ አውጪ የሚተነፍሰው እንፋሎቱን ነው። ይህ ኩላሊት ውስጥ ስለሚጠራቀም በሽንት በደንብ ይለካል። አብዛኛው ቆዳ የሚያቀላ ክሬምም እንዲሁ። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት በመጀመሪያ ለመዋቢያዎች ያስቀመጠው ወሰን ከሚሊዮን አንድ እጅ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው የሳክራሜንቶው ክሬም 12,000 እጅ ነበረበት። ከትልልቅ ዓሣዎች የሚመጣው ሜቲል ሜርኩሪ ግን በአብዛኛው ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ገብቶ በዓይነ ምድር ስለሚወጣ የሚፈለገው በደም ወይም በፀጉር ውስጥ ነው። በጃፓን ሚናማታ የባሕር ወሽመጥ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የታወቀውን መመረዝ ያጠኑ ተመራማሪዎችም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ፀጉር ነው።

አርሴኒክ ዋነኛው የሽንት ጉዳይ ነው። ከጠጡት ወይም ከበሉት በኋላ ደም ውስጥ ከሰዓታት ብዙ አይቆይም፤ በሽንት ግን ለቀናት ይወጣል። ስለዚህ የሽንት አርሴኒክ ያለፈውን አንድ ሳምንት ያህል ይናገራል፤ ያለፈውን ዓመት አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። በባንግላዲሽ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚህ በላይ ሲጠጡ ኖረዋል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ከዚህ ወሰን በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

ስለ ስምጥ ሸለቆ ከተነሳ፣ ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጥርስን የሚያበልዘውና አጥንትን የሚያጎብጠው ፍሎራይድ ብረት ስላልሆነ በ«ከባድ ብረቶች» ጥቅል ውስጥ አይካተትም። በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ለዓመታት የተጠናው የአጥንት በሽታ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሚለካውም ብረቶቹ በሚለኩበት መሣሪያ ሳይሆን ለብቻው በተሠራ ኤሌክትሮድ ነው። ካልጠየቁት ማንም አይለካልዎትም። ሃያ ብረቶች ተመርምረው «ነፃ» ተብሎ የተመለሰ ወረቀት ስለ ፍሎራይድ አንድም ቃል አይናገርም።

ካድሚየም የአርሴኒክ ተቃራኒ ነው። ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ግማሹ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሽንት ውስጥ ያለው መጠን የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ክምችት ማሳያ ነው። በጃፓን ቶያማ ግዛት ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም የጂንዙን ወንዝ በክሎ፣ በወንዙ የለማውን ሩዝ የበሉ ሰዎች አጥንታቸው እስኪሰባበር ታመዋል። የጃፓን መንግሥት የበሽታው መንስኤ ብክለቱ መሆኑን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ዛሬ ለሚያጨስ ሰው ዋናው የካድሚየም ምንጭ ሲጋራ ነው።

መዳብ የሚመረመረው ብዙ ጊዜ ለመመረዝ ሳይሆን ለዊልሰን በሽታ ነው፤ በዘር የሚተላለፍ፣ መዳብ ጉበትና አንጎል ውስጥ የሚጠራቀምበት በሽታ። እዚህ ላይ የአንድ ጊዜ ሽንት አይበቃም፤ የ24 ሰዓት ያስፈልጋል። ምልክት ያለበት ሰው በቀን ከ100 ማይክሮግራም በላይ መዳብ ከሸና በሽታው በጥብቅ ይጠረጠራል። ክሮሚየምና ኒኬል የሚመለከቱት ክሮም ቅብ የሚሠሩትን፣ በያጆችንና የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞችን ነው።

አዮዲን ለብቻው ይቀመጥ። የምንበላው አዮዲን 90 በመቶ ገደማ በሽንት ይወጣልና ለአገር ጥናት ከሽንት የተሻለ ነገር የለም። የአንድ አካባቢ ተማሪዎች የሽንት አዮዲን መካከለኛ ቁጥር በሊትር ከ100 እስከ 199 ማይክሮግራም ከሆነ የአካባቢው ሕዝብ በቂ አዮዲን ያገኛል ይባላል። የአንድ ሰው አዮዲን ግን ከቀን ቀን ይዋዥቃል፤ ትናንት የበላው ጨው ያወጣዋል ያወርደዋል። እንቅርት ያለበት ሰው በአንድ ኩባያ ሽንት ተመርምሮ «አዮዲን አነሰዎት» ቢባል ብዙ አይመነው፤ ለአንድ ሰው አስተማማኝ ግምት በተለያዩ ቀናት የተሰጡ አሥር ያህል ናሙናዎች ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛ፦ ከአምስት ቀን በፊት ይጀምሩ

ዓሣ ያቁሙ። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የባሕር ዓሣ፣ ሽሪምፕና የባሕር አረም አርሴኖቤታይን የሚባል ጉዳት የሌለው የአርሴኒክ ዓይነት አለባቸው። አንድ ማዕድ ብቻ የሽንቱን ጠቅላላ አርሴኒክ በሊትር ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ ዓሣ ያልበላ ሰው ከ50 በታች ነው የሚገኘው። ጅዳ ወይም ዱባይ የሚኖር፣ ሐሙር የተባለ የባሕር ዓሣ ቀርቦለት የበላ ሰው በማግስቱ ቢመረመር «የተመረዘ» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ሥጋና ወተት በማይበላባቸው የጾም ቀናት የታሸገ ቱና የሚያዘወትርም እንዲሁ፤ ለእሱ የሚሻለው ምርመራውን ከዚያ ጊዜ ማራቅ ነው። የላቦራቶሪዎች መመሪያ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይላል። አምስቱን ይያዙ።

ቫይታሚንና ማዕድን አዘል ክኒን ካለ ሐኪሙን ጠይቀው ያቁሙ፤ ዚንክ፣ ሴሊኒየም፣ ክሮሚየምና አዮዲን ከዚያ ይመጣሉ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ግን በራስዎ አያቋርጡ። በቅርቡ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ተነሥተው በደም ሥርዎ ቀለም ተሰጥቶዎት ከሆነ ቢያንስ 96 ሰዓት ይቆዩ። በቀለሙ ውስጥ ያለው ጋዶሊኒየም ወይም አዮዲን መሣሪያውን ያውካል። ይህን ማንም ላይጠይቅዎት ይችላል፤ እርስዎ ይናገሩ።

ሦስተኛ፦ ዕቃው

ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ አይሆንም። የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የማር ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ሁሉንም ይርሱ። ላቦራቶሪው በአሲድ የታጠበ ወይም ከብረት ነፃ መሆኑ የተረጋገጠ የፕላስቲክ ዕቃ ሊሰጥዎት ይገባል። ክዳኑ የብረት እንዳይሆን፤ ደማቅ ቀለም ያለው ክዳንም ባይሆን ይመረጣል፤ አንዳንድ ማቅለሚያዎች ራሳቸው ካድሚየም አለባቸው። የሚለካው በቢሊዮን ውስጥ ያለ ጥቂት እጅ ስለሆነ ለዓይን የማይታይ አቧራ ይበቃል። ለታመመ ሰው የብረት ፖፖ ተጠቅሞ ወደ ዕቃው መገልበጥ ናሙናውን እዚያው ያበላሸዋል።

እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ ክዳኑን በውስጥ በኩል ሳይነኩ፣ ዕቃውን መሬት ላይ ሳያስቀምጡ ይሽኑ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቀኑን ታስተላልፍ፤ ደም ከገባበት ብዙዎቹ ቁጥሮች ይዛባሉ። በፋብሪካ ወይም በጋራዥ የሚሠራ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ ከሥራ ቦታው ውጭ ነው ናሙና መስጠት ያለበት። በሥራ ልብስ የተሰጠ ናሙና የሚለካው ሰውዬው የተነፈሰውን ሳይሆን እጅጌው ላይ ያለውን ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ ሰዓቱ

ሦስት ዓይነት ናሙና አለ። በማንኛውም ሰዓት የሚሰጥ ናሙና ለአርሴኒክና ለአዮዲን ጥናት ያገለግላል። የሠራተኛ ናሙና ደግሞ ቀኑ ይወሰናል፤ ለክሮሚየምና ለአርሴኒክ በሥራ ሳምንቱ መጨረሻ፣ በመጨረሻው ቀን ሥራ ሲያበቃ ይሰጣል። ሰኞ ጠዋት የተሰጠ ናሙና አሠሪን ያስደስት ይሆናል፤ ሠራተኛውን ግን አይጠቅምም።

ሦስተኛው የ24 ሰዓት ሽንት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲነሱ የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ይድፉት፤ ሌሊቱን የተጠራቀመ ነውና የዚያ ቀን አይደለም። ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ቀንም ሆነ ሌሊት የሚሸኑትን እያንዳንዷን ጠብታ በትልቁ ዕቃ ያጠራቅሙ። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚሸኑትንም ይጨምሩና ይዝጉ። ዕቃው በረዶ ቤት ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። አንድ ጊዜ እንኳ ረስተው ሽንት ቤት ከሸኑ ደብቀው አይለፉት፤ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ቤት የሚውሉበትን ቀን ይምረጡ፤ በሰው ሠርግና በረጅም ጉዞ ቀን የተጀመረ የ24 ሰዓት ሽንት ሙሉ ሆኖ ሲያልቅ አይታይም።

አምስተኛ፦ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ አይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ናሙናው ከ6,000 ዲግሪ በላይ በጋለ የአርጎን ጋዝ ውስጥ ተረጭቶ ይበታተንና አተሞቹ በክብደታቸው ይለያሉ። እዚህ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ወጥመድ አለ። ሽንት ጨዋማ ነው፤ የጨው ክሎሪን ከመሣሪያው አርጎን ጋር ሲጣበቅ ክብደቱ 75 ይሆናል፤ የአርሴኒክም ክብደት 75 ነው። ጨው የበዛበት ሽንት አርሴኒክ የበዛበት ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ጥሩ ላቦራቶሪ ይህን የሚያጣራበት መንገድ አለው፤ ሂሊየም ያለበት ክፍል ውስጥ አሳልፎ የውሸቱን ያስቀረዋል።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ላቦራቶሪው ለእነዚህ ምርመራዎች ከውጭ የጥራት ቁጥጥር ፈተና ይወስዳል? አርሴኒክ ከፍ ካለ የዓሣውን ከመርዛማው ለይቶ ሊለካ ይችላል? ከሽንቱ ጋር ክሬያቲኒን ይለካል? ናሙናው ወደ ሌላ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ እስከዚያ በምን እንደሚቀዘቅዝና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይወቁ።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱን ማንበብ

ውኃ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሽንቱ ይቀጥናል፤ ቁጥሩም ያንሳል። በፀሐይ ሲሠራ ውሎ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፤ ቁጥሩ ይጨምራል። ይህን ለማስተካከል ብረቱ በአንድ ግራም ክሬያቲኒን ይሰላል። ክሬያቲኒን ጡንቻ በየቀኑ በተመጣጠነ መጠን የሚያወጣው ቁስ ነው። በሊትር ከ0.3 ግራም በታች ወይም ከ3 ግራም በላይ ከሆነ ናሙናው ከልክ በላይ ቀጥኗል ወይም ወፍሯልና ይደገም። በ24 ሰዓት ሽንትም ላይ ምስክር ነው፤ አዋቂ ወንድ በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ገደማ ያወጣል፤ ወረቀቱ ግማሽ ግራም ካለ ሽንቱ ሙሉ አልተጠራቀመም።

ሌላው፣ «ከመደበኛው በላይ» የሚል ምልክት መመረዝ ማለት አይደለም። መደበኛ ወሰን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶው የሚገኙበት ነው፤ ከሃያ ጤነኛ ሰዎች አንዱ ከዚያ በላይ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው በአንድ ጊዜ ለሃያ ብረቶች ቢመረመር ቢያንስ አንዱ «ከፍ ያለ» ሆኖ የመውጣት ዕድሉ በተራ ስሌት 64 በመቶ ገደማ ነው። ሃያውን ያስመረመረ ሰው ቀይ ቀስት ቢያይ ሊገርመው አይገባም። ጉዳት የሚያደርስ መጠን ሌላ ነው፤ ለምሳሌ አሜሪካዊው የሥራ ጤና ማኅበር በሜርኩሪ ለሚሠሩ ሰዎች ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ በግራም ክሬያቲኒን 20 ማይክሮግራም ነው።

አጥብቆ እምቢ ማለት የሚገባው

አንዳንድ ክሊኒኮች፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ «ሰውነት እናጸዳለን» የሚሉት፣ ሽንት ከመውሰዳቸው በፊት ብረት አሳሪ መድኃኒት ይሰጣሉ። መድኃኒቱ በማንም ሰው ሰውነት ውስጥ ያለችውን ጥቂት ብረት ጎትቶ ሽንት ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ያ ቁጥር መድኃኒት ካልወሰዱ ሰዎች ወሰን ጋር ይነጻጸርና ወረቀቱ በቀይ ይሞላል። ቀጥሎ የሚመጣው ውድ የሕክምና ጥቅል ነው። የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ ይህ አሠራር በሳይንስ ያልተረጋገጠና ጥቅም የሌለው መሆኑን በይፋ ገልጿል። መድኃኒቶቹም ቀልድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 በቴክሳስ፣ በፔንሲልቬንያና በኦሪገን ሦስት ሰዎች፣ ሁለቱ ሕፃናት፣ በብረት አሳሪ ሕክምና ወቅት የደማቸው ካልሲየም በድንገት ወርዶ ሞተዋል። ለእውነተኛ መመረዝ ግን እነዚሁ መድኃኒቶች በሐኪም ቁጥጥር ሕይወት ያድናሉ። ናሙና ከመስጠትዎ በፊት የሚወጋ ወይም የሚዋጥ ነገር ከቀረበልዎት ይውጡ።

ቁጥሩ በእርግጥ ከፍ ካለ

መጀመሪያ ምርመራው በተሻለ ጥንቃቄ ይደገም፤ ከዓሣ በኋላ የታየ አርሴኒክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጠፋል። ካልጠፋ ምንጩ ይፈለግ። ጉድጓዱ፣ ክሬሙ፣ የሥራ ቦታው አየር፣ የባህል መድኃኒቱ ራሱ ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት ከሚሸጡ የህንድ አዩርቬዳ መድኃኒቶች አምስተኛ እጅ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳለባቸው አሳይቷል።

ቤተሰብም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ በሜርኩሪ ክሬም የተመረዙ ቤተሰቦች ሲመረመሩ ክሬሙን ያልተቀቡ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ ሽንታቸው ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል። ከፎጣ፣ ከአልጋ ልብስ፣ ከእናት እጅ ወደ እነሱ ያልፋል። የተረፈውን ክሬም ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉት፤ ክዳኑን ገጥመው በፕላስቲክ ከረጢት ያሥሩና ለሐኪሙ ይውሰዱት፤ ከሽንቱ በተሻለ የሚናገረው እሱ ሊሆን ይችላል።

ምንጩ ከተቋረጠ በኋላ እንደገና የሚመረመሩበት ጊዜ እንደ ብረቱ ይለያያል። አርሴኒክ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲወርድ ይታያል። ሜርኩሪ ግማሹ ለመውጣት ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅበት በየወሩ ማስመርመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይጠበቅ። ካድሚየም በቶሎ አይወርድም። ለእሱ ሐኪሙ የሚከታተለው ኩላሊቱ መጎዳት አለመጎዳቱን ነው፤ ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን በሽንት ውስጥ መታየት ከጀመረ ኩላሊቱ ያጣራውን መልሶ መምጠጡን እየተወ ነው ማለት ነው።